45 ዲግሪ መቼ ነው ትክክል የሚሆነው? የመወርወሪያ ማዕዘንና የተወርዋሪ አካል ርቀት

(በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮና ቀመር ሳይንስ ኮሌጅ፣ ሆሳዕና፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ በፊዚክስ መምህር የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በዚህ አዳራሽ ካለው ሰው ብዙው መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀው ነው። አንድ ድንጋይ ከሁሉ የበለጠ ርቆ እንዲያርፍ ከአግድም ጋር ስንት ዲግሪ በሚሆን ማዕዘን ይወርወር ብዬ ብጠይቅ፣ የመሰናዶ ተማሪ ጥያቄውን ሳልጨርስ «45» ይለኛል። «ለምን?» ብዬ ስከተል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። «ከገደል አፋፍ ላይ ብትወረውረውስ? የሚወረወረው ድንጋይ ሳይሆን ኳስ ቢሆንስ? የዘላዩ የራሱ ሰውነት ቢሆንስ?» ስል ደግሞ ዝምታው ይበረታል።

ለዚህ ንግግር ያነሣሣኝ ይኸው ዝምታ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጻሕፍት እጥረትም፣ ቤተ ሙከራ የሌላቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ። እኔ የምጨምረው አንድ ነው፤ ተማሪው መልሱን ይሸመድዳል፣ መልሱ እውነት የሚሆንበትን ሁኔታ ግን አይጠየቅም። 45 ዲግሪ ሐሰት አይደለም። እውነት የሚሆነው ግን መነሻውና ማረፊያው በአንድ ደረጃ ሲሆኑ፣ አየር እንደሌለ ሲቆጠርና ወርዋሪው በየትኛውም ማዕዘን እኩል ፍጥነት መስጠት ሲችል ነው። ከእነዚህ አንዱ በጎደለ ጊዜ ቁጥሩ ይለወጣል። አካባቢያችን ተራራማ ነው፣ አየር አለው፣ ወርዋሪዎቹም ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩ የማይለወጥበትን ቦታ ማግኘት ነው የሚያስቸግረው።

ከመነሻው እንጀምር። ማሽላና በቆሎ በሚያሽትበት ወራት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍና ዝንጀሮ የሚጠብቅ ልጅ ያላየ በመካከላችን አለ ብዬ አልገምትም። ድንጋዩ ከወንጭፉ ከተለቀቀ በኋላ ልጁ በእርሱ ላይ ሥልጣን የለውም። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዞ ይጓዛል። ወደ ፊት የሚያደርገውን ጉዞ፣ አየሩን ለጊዜው ከረሳነው፣ የሚያግደው የለም፤ ፍጥነቱ ከመነሻው እስከ ማረፊያው አንድ ነው። ሽቅብ የሚያደርገውን ጉዞ ግን ምድር ትስበዋለች፤ በየሰከንዱ ከፍጥነቱ 9.8 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰች ታቆመውና ቁልቁል ትመልሰዋለች። ድንጋዩ የሚያርፍበት ርቀት ወደ ፊት ያለው ፍጥነት፣ አየር ላይ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ነገሩ ሁሉ በዚህች ብዜት ውስጥ አለ።

ማዕዘኑ የሚሠራው ሥራ አንድን ርስት ለሁለት ወንድማማቾች እንደሚያካፍል ሽማግሌ ነው። ርስቱ ልጁ ለድንጋዩ የሰጠው ፍጥነት ነው። ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ሲወረውር አብዛኛው ፍጥነት ለፊት ጉዞው ይደርሰዋል፤ ድንጋዩ ይፈጥናል፣ ግን ወዲያው መሬት ይነካል። ወደ ሰማይ ሲያቀናው ድንጋዩ አየር ላይ ብዙ ይቆያል፣ ግን ወደ ፊት የሚወስደው ፍጥነት የለውም። ብዜቱ ትልቅ የሚሆነው ሁለቱ እኩል ሲካፈሉ ነው፤ እኩል የሚካፈሉት ደግሞ በ45 ዲግሪ ነው። በቀመር ስንጽፈው ርቀቱ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ፣ በማዕዘኑ እጥፍ ሳይን ተባዝቶ፣ ለስበት ፍጥንጥነት የተካፈለ ነው። የ90 ዲግሪ ሳይን አንድ በመሆኑ፣ ከዚያም የሚበልጥ ሳይን ስለሌለ፣ የ90 ግማሽ የሆነው 45 ያሸንፋል። ጣሊያናዊው ታርታልያ በ1537 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ማዕዘን ጠቅሶት ነበር፤ መንገዱ ፓራቦላ መሆኑን አረጋግጦ በሒሳብ ያስረዳው ግን ጋሊሊዮ ነው፣ በ1638 እ.ኤ.አ.።

አሁን ቁጥር እናስገባ። የድንጋዩ መነሻ ፍጥነት በሰከንድ 20 ሜትር ይሁን። በ45 ዲግሪ ሲወረወር 40.8 ሜትር ይሄዳል። በ30 ዲግሪ 35.3 ሜትር፤ በ60 ዲግሪም እንዲሁ 35.3 ሜትር። በ15 ዲግሪ 20.4፤ በ75ም 20.4። ድምራቸው 90 የሚሆን ሁለት ማዕዘኖች ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያደርሳሉ። ልዩነታቸው በጉዞው ጊዜና በአወዳደቁ ነው፤ የ30 ዲግሪው ድንጋይ በ2 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፣ የ60 ዲግሪው ግን 3.5 ሰከንድ ይፈጅበትና ከላይ ቁልቁል ይወርዳል።

ይህ ልዩነት በታሪካችን ውስጥ ቦታ አለው። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ አምሳያው የቆመው ሴባስቶፖል፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ለዐፄ ቴዎድሮስ ያቀለጡት መሣሪያ፣ ሞርታር የሚባለው ዓይነት ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ። ሞርታር ከ45 ዲግሪ በላይ ባለው ማዕዘን እንዲተኩስ የተፈጠረ ነው። ዓላማው ርቀት አይደለም፤ ከግንብና ከኮረብታ በላይ አልፎ ከኋላው ባለው ላይ ቁልቁል መውረድ ነው። ዝቅ ባለው ማዕዘን የተተኮሰ ጥይት ያው ርቀት ላይ ቢደርስም ግንቡ ያግደዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ብረት መንገድ እያስጠረጉ ለወራት አስጎትተው መቅደላ አደረሱት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ በተደረገው ጦርነት ከፋላ ከፍታ የተተኮሱት መድፎች በእንግሊዝ ጦር ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሱም። ከተራራ ላይ ቁልቁል መተኮስ በሜዳ ላይ ከመተኮስ የተለየ ስሌት እንደሚጠይቅ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ስለ መሣሪያው ብረትና ስለ ባለሙያዎቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ማዕዘኑ ግን በአማርኛ የተጻፈ እምብዛም አላየሁም፤ ከተማሪዎቼ አንዱ ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ነገር እዚያ ነው ያለው። በ45 ፈንታ በ40 ዲግሪ ቢወረወር ድንጋዩ ስንት ሜትር ያጣል? ስድሳ ሴንቲ ሜትር ብቻ፤ 40.8 የነበረው 40.2 ይሆናል። አምስት ዲግሪ ሙሉ ስተን የከፈልነው ዋጋ ይህ ነው። የርቀቱ ኮረብታ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከአናቱ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ቢሉ ቁልቁለቱ አይታወቅም። ፍጥነቱን ግን በአምስት በመቶ ብቻ ቀንሱት፤ ከ20 ወደ 19 ሜትር በሰከንድ። ርቀቱ 36.8 ይሆናል፤ አራት ሜትር ጠፋ። ፍጥነቱ በቀመሩ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ ኪሳራውም ትርፉም እጥፍ ነው። እንግዲህ ማዕዘኑን ለማስተካከል ስትል ፍጥነት የምታጣ ከሆነ፣ ማዕዘኑን ተወውና ፍጥነቱን ያዝ። የአትሌቲክስ አሠልጣኞች ይህን በልምድ ያውቁታል፤ የፊዚክስ መጽሐፋችን ግን አይነግረንም።

የርዝመት ዝላይን ተመልከቱ። ጥሩ ዘላይ መነሻ ሰሌዳው ላይ ሲደርስ በሰከንድ ወደ 10 ሜትር ይሮጣል። መጽሐፉን ሰምቶ በ45 ዲግሪ ልነሣ ቢል፣ በሰከንድ 9.5 ሜትር መነሻ ፍጥነት ብንሰጠው፣ ሽቅብ የሚያስፈልገው ድርሻ በሰከንድ 6.7 ሜትር ነው። ይህም የሰውነቱን መካከል በ2.3 ሜትር ወደ ላይ ማንሣት ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው አልተፈጠረም። ሊያደርገው ቢሞክር ለመንጠር ሩጫውን መግታት አለበት፤ ያኔ ፍጥነቱን ያጣል። ስለዚህ የዓለም ምርጥ ዘላዮች የሚነሡት በ20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቦብ ቢመን በጥቅምት 1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ሲቲ 8.90 ሜትር የዘለለው እንዲህ ነው፤ ክብረ ወሰኑን በአንድ ጊዜ በ55 ሴንቲ ሜትር አሳደገው፣ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የሰበረውም አልተገኘም። በዚያው ኦሊምፒክ፣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ የኛ ማሞ ወልዴ የማራቶኑን ወርቅ እንዳመጣ ለማስታወስ ሰበብ ባገኝ አላልፈውም።

አሎሎ ውርወራም እንዲሁ ነው። አሎሎው ከትከሻ በላይ፣ ከሁለት ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚለቀቅ፣ ቀመሩ ራሱ ማዕዘኑን ወደ 42 ዲግሪ ያወርደዋል። ወርዋሪዎቹ ግን ከዚያም ዝቅ ብለው በ30ዎቹ አጋማሽ ይወረውራሉ። የሰው ደረትና ክንድ ወደ ፊት ሲገፋ እንጂ ወደ ላይ ሲገፋ ያን ያህል አይበረታም፤ ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ የአሎሎውን ክብደትም መሸከም አለበት። ለእግር ኳስ ወዳጆች፣ በሆሳዕና ከተማ ስታዲየም ገብቶ ሀዲያ ሆሳዕናን ሲደግፍ ለሚውለው ሰው ማለቴ ነው፣ የመስመር ላይ የእጅ ውርወራን ልጥቀስ። ኳሱን በሁለት እጅ ከራስ በላይ ሲወረውሩ ረጅሙን ርቀት የሚሰጠው ማዕዘን 30 ዲግሪ ገደማ መሆኑ በመለካት ታውቋል። ተጫዋቾቻችን ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያደርጉታል። በሚቀጥለው ጨዋታ ልብ ብላችሁ እዩ።

ወደ ማማው ልጅ እንመለስ። ከአራት ሜትር ማማ ላይ በሰከንድ 20 ሜትር ቢወረውር፣ ምርጡ ማዕዘን 42.4 ዲግሪ ይሆናል፤ ድንጋዩም 44.6 ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። አሁን ልጁን 100 ሜትር ቁመት ያለው ገደል አፋፍ ላይ እናቁመው። ምርጡ ማዕዘን ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል። በዚያ ማዕዘን ቢወረውር ድንጋዩ ከገደሉ ሥር 99 ሜትር ርቆ ያርፋል፤ «45 ነው ያስተማሩኝ» ብሎ ቢጸና ግን 87.5 ሜትር ላይ ይቀራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገደሉ ራሱ ድንጋዩ አየር ላይ የሚቆይበትን ጊዜ በነፃ ሰጥቶታል፤ ለጊዜ ብሎ ፍጥነት መክፈል አያስፈልገውም፣ ያለውን ለፊት ጉዞው ቢሰጥ ይሻለዋል። የፋላን ከፍታ ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ገደል በየቦታው የለም፤ ተዳፋት ግን አለ። ከሆሳዕና ተነሥቶ በዶዮገና በኩል አንጋጫ የሄደ፣ የአምባሪቾን 777 ደረጃዎች የወጣ ሰው ሜዳ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል። ለተዳፋት አንድ ውብ ደንብ አለ፣ ካልኩሌተርም አይፈልግም። ግንበኛ የሚጠቀምበትን ቱንቢ አንጠልጥሉና የገመዱን መስመር ወደ ላይ ተከተሉ። በዚያ መስመርና ድንጋዩ በሚወርድበት ተዳፋት መካከል ያለውን ማዕዘን ለሁለት እኩል ክፈሉት። መካከለኛው መስመር ምርጡ መወርወሪያ ነው። በሜዳ ላይ በመሬቱና በቱንቢው መካከል ያለው 90 ነው፣ ግማሹ 45፤ የለመድነው መልስ። መሬቱ በ20 ዲግሪ ቁልቁል ሲያዘነብል በመካከላቸው 110 ይሆናል፣ ግማሹ 55 ነው፤ ከተዳፋቱ 55 ዲግሪ ከፍ ስንል ከአግድም 35 ላይ እንገኛለን። ወደ ዳገቱ በኩል ስንወረውር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ 20 ዲግሪ ለሚሆን ዳገት ምርጡ 55 ነው። ከ45 በላይ መወርወር የሚያዋጣበት ጊዜም አለ ማለት ነው። ይህን ደንብ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ በማስመሪያና በክር ማሳየት ይቻላል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ቤተ ሙከራ አይደለም።

እስካሁን አየርን ረስተነዋል። አየርን ለማስታወስ ደግሞ ከአውድማ የተሻለ ቦታ የለም። ስንዴ የሚያዘራ ገበሬ በመንሽም ሆነ በላይዳ ሽቅብ ሲበትን፣ ፍሬውና እብቁ ከአንድ ላይዳ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ማዕዘን ይነሣሉ። የጋሊሊዮ ቀመር ክብደትን አይጠይቅምና ሁለቱ አንድ ቦታ መውደቅ አለባቸው ይላል። ሁለቱ አንድ ቦታ ቢወድቁ ኖሮ እንጀራና ዳቦ አንበላም ነበር። ፍሬው አጠገቡ ይወድቃል፣ እብቁን ነፋስ ይወስደዋል። አየር ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ክብደቱ ትንሽ ሆኖ ገላው የሰፋውን አጥብቆ ይይዛል፣ ከባዱንና ድቡልቡሉን ይለቃል። ኳስ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለች ናት። አየር ላይ በቆየች ቁጥር ፍጥነቷን ስለምታጣ፣ ጉዞዋን የሚያሳጥር ዝቅ ያለ ማዕዘን ይጠቅማታል። መንገዷም እኩል ጎን ያለው ፓራቦላ መሆኑ ይቀራል፤ ስትወጣ ዘርጋ ብላ፣ ስትወርድ ግን ቁልቁል ተሰብራ ነው።

እዚህ ላይ ሆሳዕና ከሜክሲኮ ሲቲ ጋር የሚያዛምዳት ነገር አላት። ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ በ2,200 ሜትር አካባቢ ይገኛሉ፤ አየራቸውም ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቢመንን የሳሳው አየር ረድቶታል፣ 55ቱን ሴንቲ ሜትር በሙሉ ግን አልሰጠውም። እዚህ የተመታች ኳስ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ በዚያው ጉልበት ከተመታችው ርቃ ትሄዳለች፤ ምርጡ ማዕዘንም ወደ 45 በጥቂቱ ይቀርባል። ከቆላ የመጣ በረኛ ረጅም ኳስ ሲያመልጠው ወዲያው አትፍረዱበት። ስበትም ቢሆን በየቦታው አንድ አይደለም። ለንደን ላይ 9.81 የሆነው፣ እኛ ወደ ምድር ወገብ ስለቀረብንና ከፍ ስላልን፣ ሆሳዕና ላይ 9.77 ገደማ ነው። ለ20 ሜትር የአሎሎ ውርወራ ይህ ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ውድድር በሴንቲ ሜትር እንደሚሸነፍ አትርሱ።

የመጨረሻው ምሳሌዬ የጨዋታ አይደለም። በሠርግም በለቅሶም ወደ ሰማይ የመተኮስ ልማድ ያለባቸው የሀገራችን አካባቢዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈ ሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ነው። ይህን በመጽሐፉ ቀመር ውስጥ ብናስገባው፣ በ45 ዲግሪ 52 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይለናል። ከሆሳዕና የተተኮሰ ጥይት ዱራሜን አልፎ ሊወርድ ነው ማለት ነው። ይህ አይሆንም። እውነተኛው ከፍተኛ ርቀቱ ሦስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ምርጡ ማዕዘንም ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ነው። በዚህ ፍጥነት አየሩ ከስበት ይልቅ ገዢ ነው፤ ቀመሩ ከነገረን ርቀት ከመቶ ዘጠና አራቱን አየሩ በልቶታል።

ተማሪው 52 ኪሎ ሜትር ብሎ ከጻፈ ስሌቱ ልክ ነው፣ ሁኔታውን ግን አልጠየቀም። «ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት» የሚለው ሰውም እንዲሁ ሁኔታውን አልጠየቀም። ሦስት ኪሎ ሜትር ከዚህ ግቢ በየአቅጣጫው ስትለኩት ሰፈሮችን፣ ገበያን፣ ትምህርት ቤትን የሚያቅፍ ክብ ነው። በደስታ መካከል የሚተኩስ ሰው ማዕዘኑን አይለካም፤ ጠመንጃውን በትከሻው ላይ ዘንበል አድርጎ ይስበዋል፣ ያ ዘንበል ያለ ማዕዘን ደግሞ ጥይቱን ከሁሉ አርቆ የሚጥለው ማዕዘን አካባቢ ሊሆን ይችላል። ጥይቱ የሚያርፈው የተኩሱን ድምፅ እንኳ በቅጡ ባልሰማ፣ ሠርጉን በማያውቅ ሰው ጣሪያ ላይ ነው።

ሰሌዳው ላይ ያሉትን ቁጥሮች መገልበጥ የምትፈልጉ ተማሪዎች ጊዜ አላችሁ፤ አይጠፉም። የቱንቢውን ደንብ ማረጋገጫ በራሳችሁ ሞክሩት፤ የሚያስፈልገው የሳይንና የኮሳይን ድምር ሕግ ብቻ ነው። አሁን ጥያቄ ያለው ሰው እጁን ያውጣ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።